ዕቃ የጫነ መኪና በኋላ ማርሽ ሲገባ ደንበኛው የት ይሁን?

የስቶሯ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ

እንዴት ዋላችሁ። ሹፌሮች፣ ጥበቃዎች፣ ሱቅ ያላችሁ ሁሉ እባካችሁ ይህን አንብባችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ደብረ ማርቆስ አንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ስቶር ላይ ነው የምሠራው። ዕቃ ሲመጣ ቆጥሬ የምረከበው፣ ወረቀቱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ግቢያችን ጠባብ ነው፤ በሩም አንድ ነው። ደንበኛ በዚያ ይገባል። ባጃጅ በዚያ ይገባል። ዘይትና ስኳር የጫነው አይሱዙም በዚያው ይገባል። ወርዱን በእርምጃ ለካሁት፣ አሥራ አንድ ሆነልኝ። አይሱዙ ውስጥ ገብቶ መዞር ስለማይችል ከአስፋልቱ ጀምሮ በኋላ ማርሽ ነው የሚገባው። የስቶሩ በር ደግሞ ከደንበኛው በር ጎን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ዘይት መጣ። መኪናው ግማሽ መንገድ ገብቶ ቆመ። ረዳቱ ወርዶ ወረቀቱን ወደ እኔ ይዞ መጣ። «ቶሎ ፈርሚልን፣ ገና ሁለት ቦታ አለብን» አለኝ። ተቀብዬ ማየት ጀመርኩ። ሹፌሩ በዚህ መሃል ወደ በሩ ጠጋ ልበል ብሎ የኋላ ማርሽ አስገባ።

ከመኪናው ኋላ አንዲት እናት ነበሩ። በሩ ላይ ካሉት የጉልት ሴቶች ሽንኩርት ገዝተው ወደ እኛ ዱቄት ሊገዙ እየመጡ ነው። ፌስታላቸው ተቀደደ። ሽንኩርቱ ተንከባለለ፤ ጥቂቱ ከመኪናው ጭራ ሥር ገባ። እሳቸው ነጠላቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው ጎንበስ አሉ።

አንድ የባጃጅ ልጅ ነው ያዳናቸው። ስፖንዳውን በመዳፉ እየደበደበ «ቁም! ቁም! ሰው አለ!» ብሎ ጮኸ። መኪናው ቆመ። ሮጬ ስወጣ በጭራውና በጀርባቸው መካከል የቀረው አንድ ስንዝር ነበር። ከጎማው ኋላ የሚንጠለጠለው ላስቲክ የነጠላቸውን ጫፍ በጭቃ ነክቶታል። እሳቸው የመኪናውን መምጣት አልሰሙም። አንድ ሽንኩርት በእጃቸው ይዘው ቀና አሉና «ምን ሆናችሁ ልጄ፣ ለምን ትጮሃላችሁ?» አሉኝ። እግሬ ተብረከረከ።

በኋላ ሹፌሩን ጠየቅሁት። የኋላ ማርሽ ሲገባ ጢን ጢን የሚለው ድምጽ ነበረው። ሌሊት አልቤርጎ ሲያድሩ ሰው ይቀሰቅሳል ተብሎ ሽቦው ተነቅሏል። ደንግጦ ነበር፤ ላቡን እየጠረገ ነው ያናገረኝ። ክፉ ሰው አይደለም።

ለኃላፊያችን ነገርኩት። «ሰው ራሱን ይጠብቅ» ብሎ አለፈው። እኔ ግን ያቺን ስንዝር ማሰብ አልተውኩም። ረዳቱ ከመኪናው ኋላ ያልነበረው እኔ ጋ ወረቀት ይዞ ስለቆመ ነው። ሁለተኛ በር ማስከፈት አልችልም። ገንዘብም የለም። በዚህ ግቢ ምን ማድረግ ይቻላል?


አባይ በረሃ፣ የጭነት ሹፌር

እህቴ፣ እንኳን አተረፋቸው።

አሥራ ሰባት ዓመት ነድቻለሁ። አብዛኛው ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ባለው መስመር ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ አባይ በረሃን ስወርድ የማይፈራው ልቤ የሱቅ ግቢ ውስጥ በኋላ ማርሽ ስገባ ይፈራል።

ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጋቢና ተቀምጬ በስፖኪዮ የማየው ሁለት ቀጭን መስመር ነው። አንዱ በግራ ጎኔ፣ አንዱ በቀኝ ጎኔ። ልክ ከኋላዬ ያለው ግን ጭነቱ ይጋርደዋል። አንድ ባጃጅ ሙሉ እዚያ ቢቆም አላየውም። ሕፃንና ጎንበስ ያለ ሰውማ ከጭነት ሳጥኑ ወለል በታች ነው። ያ ሹፌር መንገዱ ንጹሕ ነው ብሎ የገባው እውነቱን ነው። በስፖኪዮው ንጹሕ ነበር።

ሌላም አለ። የመኪናው ጭራ ከኋላ ጎማው አልፎ ወደ ኋላ ይወጣል። ሰው የሚያየው ጎማውን ነው። «ገና ሩቅ ነው» ይላል። ቀድሞ የሚደርሰው ግን ጭራው ነው።

ዝግ ብዬ ነው የምገባው ማለትም አያድንም። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብሄድ የሰው እርምጃ ነው። ግን በአንድ ሰከንድ 1 ሜትር ከ40 ገደማ ያስኬደኛል። ጩኸት ሰምቼ እግሬ ፍሬን እስኪረግጥ ያ ሰከንድ አልቋል። አንቺ የቀረው ስንዝር ነው ብለሻል።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ረዳቴ ካልወረደ የኋላ ማርሽ አላስገባም። ወርዶም ልክ ከኋላዬ አይቆምም፤ እሱንም እገጨዋለሁ። በእኔ በኩል፣ በግራ፣ ከጭራው ጥግ ፈንጠር ብሎ በስፖኪዮዬ ውስጥ ይቆማል። ካላየሁት እቆማለሁ። «ና» የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ግቢ ውስጥ አራት ሰው በአንዴ «ና! ና! ስበረው! መልስ!» ሲል የማንን ልስማ? «ቁም» ግን ከማንም ይሁን፣ ሕፃንም ይበለው፣ ሰምቼ እቆማለሁ። ሬዲዮ አጠፋለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ።

ደግሞ የመታጠፊያውን አቅጣጫ እዪ። የኛ መኪና መሪው በግራ ነው። ወደ ግራ እየታጠፍኩ ወደ ኋላ ስገባ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ጭራዬን አያለሁ። ወደ ቀኝ ከታጠፍኩ ግን በዚያ በኩል አንገቴን ማውጣት ስለማልችል ያለኝ ስፖኪዮ ብቻ ነው። በራችሁ በየት በኩል ነው? መኪናው ከየትኛው የአስፋልት አቅጣጫ ቢመጣ ወደ ግራ እንደሚታጠፍ አይተሽ ሹፌሮቹን በዚያ በኩል ኑ በያቸው። ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።


ማን ያውቃል፣ ባሕር ዳር

ሹፌር ላይ ብቻ መፍረድ ልክ አይደለም። ሰዉ መኪና እያየ ከኋላው ያልፋል። ስልክ እያወራ ያልፋል። ሰው ራሱ መጠንቀቅ አለበት።


የስቶሯ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ

ወንድሜ፣ እኔም ሹፌሩ ላይ አልፈረድኩም። ግን እኒያ እናት ስልክ አላወሩም። ሽንኩርታቸውን ነው የለቀሙት። ከሰባ ዓመት በላይ ይሆናቸዋል፤ ጆሯቸውም ደክሟል። ድምጽ ማሰሚያው ተነቅሎ «ለምን አልሰሙም» ማለት ይከብደኛል። ደግሞ ወደ ሱቃችን የሚያስገባ ሌላ መንገድ የላቸውም። በምን በኩል ይለፉ?


የቡሬው፣ ከእንግሊዝ አገር

የአገሬ ልጆች እንደምን አላችሁ። ቡሬ ነው ያደግኩት። እዚህ ስምንት ዓመት ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ያንቺው ሥራ ማለት ነው።

እዚህም ሰው ይሞታል። የሥራ ደህንነትን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ በሥራ ላይ ተሽከርካሪ ከሚገድላቸው ሰዎች ሩብ ያህሉ የሚሞቱት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንዴት ወደ ኋላ ትነዳለህ» ብሎ አይደለም። «ወደ ኋላ መንዳቱን ጭራሽ ማስቀረት አይቻልም ወይ» ነው። ትልልቆቹ ሱቆች ለጭነት መኪና የብቻው ግቢ ከጀርባ አላቸው። ደንበኛ አይደርስበትም። ጀርባ የሌላት ትንሽ ሱቅ ግን እንዳንቺው ናት። እኔ የሠራሁበት አንዱ እንደዚያ ነበር። ግቢውን ለሁለት መክፈል ስላልቻልን ሰዓቱን ለሁለት ከፈልነው። ዕቃ ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ይገባል። በሩ ለደንበኛ ሲከፈት መኪናው ሄዷል።

ያ የማይሆንበት ቀን መኪና የሚያስገባ የተመደበ ሰው አለ። የሰለጠነ ነው፤ አንጸባራቂ ሰደርያ ይለብሳል፤ የእጅ ምልክቱን ከሹፌሩ ጋር ቀድሞ ይስማማል። መኪናው እየተንቀሳቀሰ ያ ሰው ሌላ ሥራ አይሰጠውም። ሳጥን አያወርድም፣ ወረቀት አያስፈርምም።

የሹፌሩ ወንድማችን የተናገረው መታጠፊያ እዚህም አለ። መሪው በቀኝ ስለሆነ ግን ወደ ቀኝ ነው። ስለ ድምጹ ደግሞ፣ ጢን ጢን የሚለው ከየት እንደመጣ ለጆሮ ይደናገራል፤ ሩቅም ይሰማል። አሁን «ሽሽ ሽሽ» የሚል፣ እንደ ወንፊት ያለ ድምጽ የሚያወጣ አለ። ቅርብ ላለ ሰው አቅጣጫው ይለይለታል፣ ሩቅ የተኛውን ደግሞ ብዙም አይረብሽም።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልጨምር። አንቺ የግቢው አለቃ ባትሆኚም ፊርማው ያንቺ ነው። ሹፌርና ረዳት ከምንም በላይ የሚፈልጉት ያንን ፊርማ ነው።


ፍኖተ ሰላም፣ የሕግ ባለሙያ

በአጭሩ። ለኃላፊሽ ይህን ንገሪው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መሠረት መኪናው ሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ ባለንብረቱ ይጠየቃል። ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ስለዚህ ሽቦውን የማስቀጠሉ ነገር የመኪናው ባለቤት ራሱ የሚፈልገው ነው፤ የሚነግረው ሰው ነው የጠፋው። ሱቁም በግቢው ውስጥ በተፈጠረው ነገር አይመለከተኝም ብሎ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደዋል።


ጋሽ ጥበቃው፣ ዳንግላ

ልጄ፣ እኔ ጥበቃ ነኝ። እኛም ጋ ይኸው ነው።

ፊሽካ አይሠራም። ባጃጁም ትራፊኩም ፊሽካ ስለሚነፋ ሰው ጆሮ አይሰጠውም። በእጅ መከልከልም ብዙ አይሠራም፣ ሰው ይቆጣል፤ «ሌባ ነኝ ወይ?» ይላል። ለእኔ የሠራልኝ ገመድ ነው። ከበሩ ግራ ወደ ቀኝ እስከ ደረት ከፍታ እዘረጋለሁ። ነጭ ፌስታል ቆራርጬ አስሬበታለሁ፣ ይታያል። መኪናው ሲገባ እዘረጋለሁ፣ ሲቆም አነሳለሁ። ከገመዱ ውጭ ባዶ የቢራ ሳጥን ደርድሬ ካርቶን አንጥፌበታለሁ። «እማማ፣ አረፍ ይበሉ፣ አሁን ይገባሉ» ስላቸው ይቀመጣሉ። የቆመ ሰው ይቸኩላል፣ የተቀመጠ ይጠብቃል።

ክረምት ላይ ተጠንቀቂ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የመኪና ድምጽ አይሰማም። ሰው ፌስታል በራሱ ላይ አድርጎ አጎንብሶ ይሮጣል። የሹፌሩም ስፖኪዮ በውሃ ነጠብጣብ ይሸፈናል። እኔ ዝናብ ሲጥል ስፖኪዮውን በጨርቅ ሳልጠርግለት ግባ አልልም።


የስቶሯ ልጅ፣ ደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ነው የተመለስኩት፣ ሞክሬ ልንገራችሁ ብዬ።

የአንቀጹን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ለኃላፊያችን ሰጠሁት። ቁጭ ብሎ አነበበው። ከዚያ ዘይት፣ ስኳርና ዱቄት የሚያመጡት ከጠዋቱ 12:30 እስከ 2:00 ሰዓት እንዲያራግፉ ደወለላቸው። ሱቁ 2 ሰዓት ነው የሚከፈተው። የከተማችን አከፋፋዮች እሺ አሉ። ጫኝና አውራጆቹ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ሻይና ዳቦ ከሱቁ ይሰጣቸው ተባለና ተስማሙ።

አባይ በረሃ ጋሼ፣ የመታጠፊያውን ነገር ሄጄ አየሁት። መኪኖቹ ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ ቀኝ እየታጠፉ ነው የገቡት! ከላይኛው አደባባይ ዞረው ቢመጡ ወደ ግራ ይሆንላቸዋል። አሁን በዚያ ነው የሚመጡት። አንዱ ሹፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሲገባ አይቼ በጣም ደስ አለኝ።

የለስላሳ መኪናው ግን ከባሕር ዳር ስለሚነሳ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት አይደርስም። ለሱ የጋሽ ጥበቃውን ገመድ ዘርግተናል። እኔም አዲስ ነገር ጀምሬያለሁ። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማው ሥር ታኮ ካልገባ ወረቀት በእጄ አልነካም። በመጀመሪያው ቀን ረዳቱ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ «ወደ ቦታህ ተመለስ ወንድሜ፣ ሹፌሩ እንዲያይህ» አልኩት። ሹፌሩ ተቆጣ፣ ክላክስ አደረገ። አሥር ደቂቃ አስፋልት ላይ ቆመ። ከዚያ ረዳቱ ሄዶ ጥጉ ላይ ቆመለትና ገባ። ትናንት ሲመጡ ሳልናገር ረዳቱ ቀድሞ ወርዶ ነበር። የዘይቱ መኪና ሽቦም ተቀጥሏል፤ ሹፌሩ ሌሊት ማጥፊያ አስደርጎበታል።

እኒያ እናትም ባለፈው ቅዳሜ ሱቁ ሳይከፈት መጥተው ነበር። ሳጥኑ ላይ ተቀምጠው የዘይቱ መኪና ሲገባ አዩት። «ይሄ ነው እንዴ ያን ቀን የመጣብኝ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ዝም ብለው አዩትና አማተቡ።

አሁን የከበደኝ የዋዜማ ቀን ነው። የፋሲካ ዋዜማ ሦስት መኪና በአንድ ሰዓት ይመጣል። ግቢው በሰው ይሞላል፤ ዶሮ የያዘ፣ እንቁላል የያዘ፣ ልጅ ያዘለ ሁሉ። ገመዱ ያን ሁሉ ሰው አይዘውም። አስፋልቱ ላይ አቁመን በጋሪ ብናስገባው እንዴት ይሆናል? የሞከራችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ትራፊክ ፖሊስ ምን እንዳላችሁ ጻፉልኝ።


አባይ በረሃ፣ የጭነት ሹፌር

እህቴ፣ አስፋልት ላይ ማቆሙ ሌላ ጣጣ አለው፤ ከኋላ የሚመጣው መኪና ጫኞቹን ይመታል። ዋዜማውን ተይው። ከሁለት ቀን በፊት ማታ፣ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ አስጭነሽ አስገቢው። እኛ ሹፌሮችም የዋዜማ ቀን ቤታችን መግባት እንፈልጋለን፣ እምቢ የሚልሽ የለም። ስቶርሽ ይበቃ እንደሆነ ብቻ ከአሁኑ ለኪው።