ነርስ ነኝ፣ ዱባይ በቪዚት ቪዛ ልሂድ ወይስ ጀርመን በቻንስንካርተ?

ናይት ሺፍት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ግራ ገብቶኝ ነው የጻፍኩት። 28 ዓመቴ ነው፣ ቢኤስሲ ነርስ ነኝ፣ መንግስት ሆስፒታል 4 ዓመት ሰርቻለሁ፣ ደሞዙን እንግዲህ ታውቁታላችሁ ኪራይ ከፍዬ የሚተርፈኝ የታክሲ ነው። አንድ ደላላ በ60 ቀን ቪዚት ዱባይ ላስገባሽ እዛ ስራ ስታገኚ ወደ ስራ ቪዛ ይቀየራል ብሎ 180 ሺህ ብር ጠየቀኝ። ጓደኛዬ ደሞ ጀርመን ቻንስንካርተ የሚባል ስራ መፈለጊያ ቪዛ አለ እሱን ሞክሪ ትላለች፣ ነጥቡን ስደምረው ልክ 6 ይሞላልኛል (እድሜ 2፣ የስራ ልምድ 2፣ እንግሊዝኛ 1፣ ነርስ ስለሚፈለግ 1)። ጀርመንኛ ግን ዜሮ ነኝ። የቱ ይሻለኛል? እናቴን ብድር ውስጥ መክተት አልፈልግም።

የዴይራ ልጅ፦
እህቴ ዱባይ 6ኛ ዓመቴ ነው። ደላላው ሙሉ በሙሉ አልዋሸሽም፣ ቪዚት እዚሁ እያለሽ ወደ ስራ ይቀየራል፣ ግን የሚያስቀይረው ቀጣሪሽ ነው፣ ቀጣሪ ከሌለሽ ምንም የለም። በቪዚት መስራት ደሞ ክልክል ነው። ነርስ ያለ ላይሰንስ ማንም ሆስፒታል አይቀጥርም፣ መጀመሪያ ዳታፍሎ የሚባል ማስረጃ አጣሪ ድርጅት ዲግሪሽን ከተማርሽበት ዩኒቨርስቲ ያጣራል ከዛ የዲ ኤች ኤ (የዱባይ ጤና ባለስልጣን) ፈተና አለ፣ ይሄ ሁሉ በ60 ቀን ያልቃል ያለሽ ሰው ሞክሮት አያውቅም። ቀኑ ካለፈ በቀን 50 ድርሃም ይቆጠርብሻል። ዴይራ አንድ ክፍል ውስጥ 8 ሆነን ስንኖር አንዷ እንዳንቺው ነርስ ነበረች፣ ዲግሪዋን በፌስታል ጠቅልላ ከፍራሹ ስር ነበር የምታስቀምጠው፣ መጨረሻ ላይ ሰው ቤት ልጅ ጠባቂ ሆና ገባች። መምጣት ከፈለግሽ ዳታፍሎውን እዛው ሆነሽ ጀምሪና ኮንትራት ይዘሽ ነይ፣ በህጉ የቪዛና የቅጥር ወጪ የአሰሪው ነው።

ሽቱትጋርት ያለሁት፦
እኔም ነርስ ነኝ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም። ቻንስንካርተ እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 ነው የጀመረው፣ ግን ነጥብ መሙላት ብቻውን አይበቃም። ለአንድ ዓመት መኖሪያ ገንዘብ አሳዪ ይሉሻል፣ በ2025 ስሌት በወር 1,091 ዩሮ ማለት በዓመት 13,092 ዩሮ አካውንት ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል። ካርዱ የሚያሰራሽ በሳምንት 20 ሰዓት ነው። ለኮምፒውተር ሰው ሊያዋጣ ይችላል፣ ነርስ ግን እዚህ ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው፣ ዲግሪሽ ካልታወቀልሽ (አነርኬኑንግ ይሉታል) እንደ ነርስ መስራት አትችዪም። ታዲያ ያን ሁሉ ዩሮ ምን ብለሽ ታስቀምጫለሽ?

ለኛ የሚሆነው የአነርኬኑንግ ቪዛ ነው፣ የጀርመን የመኖሪያ ህግ አንቀጽ 16ዲ። ጀርመንኛ እስከ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ፣ ቢ2 ከሱ ቀጥሎ ነው) ትማሪያለሽ፣ ወረቀትሽ ተተርጉሞ ለክፍለ ሀገሩ መስሪያ ቤት ይላካል፣ እነሱ ከራሳቸው ትምህርት ጋር በሰዓት አስተያይተው ይሄ ይሄ ይጎድልሻል የሚል ደብዳቤ ይልካሉ። ያን ደብዳቤና የሆስፒታል ኮንትራት ይዘሽ ቪዛ ትጠይቂያለሽ። መጥተሽ በረዳትነት ደሞዝ እየበላሽ የጎደለውን ትሞያለሽ ወይ ትፈተኛለሽ፣ ቢ2 ስትጨርሺ ሙሉ ነርስ ነሽ። ደሞዙ ለኑሮ ከበቃ የተዘጋ አካውንት የሚባል የለም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ከዩኒቨርስቲሽ የእያንዳንዱን ኮርስና የፕራክቲስ ሰዓት የሚያሳይ ወረቀት አሁኑኑ አውጪ፣ እኔ ትራንስክሪፕት ብቻ ልኬ 5 ወር ተጉላላሁ።

ቋንቋውን ስድስት ኪሎ ጎተ (የጀርመን የባህልና የቋንቋ ተቋም) ነው የጀመርኩት፣ ከናይት ወጥቼ ዩኒፎርሜን ቦርሳ ውስጥ ጠቅልዬ ነበር የምገባው፣ ዴር ዲ ዳስ ሲባል እንቅልፍ ይወስደኛል።

ዝም አልልም፦
ሁሉም ጀርመን ጀርመን ይላል፣ ቢ1 እኮ ባጭሩ ዓመት ይፈጃል፣ በዓመቱ ኪራዩን ማን ይከፍልላታል?

ሽቱትጋርት ያለሁት፦
@ዝም አልልም ልክ ነህ ዓመት ይፈጃል። እየሰራች ነው የምትማረው፣ እኔም እንደዛው ነው ያደረግኩት። 180 ሺው ደሞ ለኮርስና ለትርጉም ይሆናታል።

ናይት ሺፍት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ሰዓቱ ወረቀት ማንም ነግሮኝ አያውቅም፣ ሰኞ ሬጅስትራር እሄዳለሁ። አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር፣ ፓስፖርቴ ደላላው ጋ ነው።

የዴይራ ልጅ፦
ዛሬውኑ ሄደሽ ተቀበዪው! ወንድም ካለሽ ይዘሽው ሂጂ።

ናይት ሺፍት፦
ተቀበልኩ። ለፎቶኮፒ ብሎ 500 ብር አስከፈለኝ 😅