በፈቃዴ ለቀቅኩ ብዬ ፈርሜያለሁ፤ አሁን «ካዝና አጉድላ ነው የወጣችው» እየተባልኩ ነው

ጠያቂ፦
ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ኃላፊዬ «ወይ ራስሽ መልቀቂያ አስገቢ፣ ወይ እናሰናብትሻለን» ሲለኝ «በግል ምክንያት» ብዬ አስገባሁ። ርክክብ አድርጌ ክሊራንስ ወስጃለሁ፤ ጉድለት የሚል የለበትም። አሁን ኃላፊዬ በሠራተኞች የቴሌግራም ግሩፕ «ካዝና አጉድላ ነው የወጣችው» ብሎ ጽፏል። ሊቀጥረኝ የነበረ ድርጅትም «አጣርተን ትተነዋል» አለኝ። ከየት ልጀምር?

ሸንጎ፦
እህቴ፣ ሁለቱን ጉዳይ አታደባልቂ። ተገዶ መልቀቅ የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ነው፤ ስም ማጥፋት ሌላ ክስ ነው። ይርጋቸውም (ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ) ይለያያል። የስም ማጥፋት ይርጋ በብዙ አገር አጭር ነው፣ አንዳንድ ቦታ በወራት ይቆጠራል። ስለዚህ መቼ እንደተጻፈና መቼ እንዳየሽው ዛሬውኑ መዝግቢ።

የተቆረጠ ስክሪንሾት ብዙ አያስኬድም፤ «የእኔ አካውንት አይደለም» ይልሻል። የግሩፑ ስም፣ የላኪው ስልክ ወይም ዩዘርኔም፣ ቀንና ሰዓቱ፣ ከላይና ከታች ያሉት መልዕክቶች አብረው ይታዩ። ቴሌግራም ላይ ላኪው ከሁሉም ሰው ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ግሩፑን ከመክፈት ጀምሮ መልዕክቱ ጋ እስኪደረስ ስክሪኑን በቪዲዮ ቅጂ። ግሩፑ ውስጥ ያለ ሌላ ሰውም በራሱ ስልክ ያስቀምጠው፤ አንብቤዋለሁ የሚል ምስክርም ይሆንሻል።

መዝገብ ቤት፦
የሚከብድዎት «በግል ምክንያት» የሚለው ነው። በሩን አይዘጋም፤ ግን መገደድዎን የማስረዳቱ ሸክም ወደ እርስዎ ይመጣል። ለስብሰባ የተጠሩበት መልዕክት፣ ለመወሰን የተሰጠዎት ጊዜ (የዚያኑ ዕለት ከሆነ ትልቅ ነገር ነው)፣ ደብዳቤውን ማን እንዳረቀቀው፣ ሁሉንም ይሰብስቡ።

የሥራ ልምድ ደብዳቤም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሥራ መደብ፣ የቆዩበት ጊዜና ደመወዝ ይበቃል። ማመልከቻውን በ2 ኮፒ ይዘው ሄደው አንዱ ላይ ቀን ያለበት የገቢ ማህተም ያስመቱ። አንቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ይላኩት። ያለ ማህተም የቀረበ ማመልከቻ «አልደረሰንም» ከተባለ ማስተባበያ የለዎትም።

ቆቅ፦
አንድ ጓደኛሽ እንደ ቀጣሪ ሆኖ ለኃላፊሽ ይደውልና ይቅዳው፤ ያልቃል።

ሸንጎ፦
አያልቅም፣ ሊበላሽ ነው እንጂ! ራስሽ ሰው ልከሽ ያስነገርሽው ቃል «ፈልጋ ያመጣችው ነው» ተብሎ ሊወድቅ ይችላል፤ በድብቅ መቅዳትም በአንዳንድ አገር ያስከስሳል። ደግሞም አዲስ ቀጣሪ ሲጠይቅ በቅን ልቦና የተሰጠ መልስ በብዙ ሕግ ጥበቃ አለው። ግሩፑ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ያነበቡት ሰዎች ስለ ሒሳብሽ ማወቅ የሚያስፈልጋቸው አልነበሩም። ክብደትሽን እዚያ ላይ ጣይ።

ቃሉም ይረዳሻል። «ሰነፍ ናት» ቢል አስተያየት ነው ብሎ ያመልጥ ነበር። «ካዝና አጉድላለች» ግን እውነት ወይ ውሸት መሆኑ በሰነድ የሚጣራ ነገር ነው።

መዝገብ ቤት፦
ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። የጻፈውን ቃል በቃል ከነቀኑ ይጥቀሱ፣ የክሊራንሱን ቁጥርና ቀን ያስገቡ። እንዲያጠፋው፣ እዚያው ግሩፕ ላይ እንዲያስተባብልና ዳግም እንዳይናገር ይጠይቁ፤ 7 ወይም 10 ቀን ይስጡት፣ ይርጋው የቀረበ ካልሆነ። «ካልከፈልክ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ» የሚል አይጻፉ፤ ማስፈራሪያ ተብሎ ይዞርብዎታል። ግሩፑ ላይም አይመላለሱ። «ሌባው አንተ ነህ» ካሉት ሁለት ተከሳሽ ነው የሚኖረው።

አዲሱ ድርጅት ልንቀጥርሽ ነው ያለበት ኢሜይልና የተነጋገሩበት ደመወዝ ካለ ይያዙት። ካሳው የሚሰላው ከዚያ ነው።

ጠያቂ፦
አንድ ነገር ረሳሁ። ክሊራንሱ ላይ «ከገንዘብ ዕዳ ነፃ» በሚለው ረድፍ የፈረመው ራሱ ኃላፊዬ ነው።

ሸንጎ፦
ይሄን መጀመሪያ ብትይ ኖሮ! ነፃ መሆንሽን አረጋግጦ ፈርሞ፣ ቀጥሎ አጉድላለች ካለ «ተሳስቼ ነው» ማለት ይከብደዋል፤ እያወቀ ነው የጻፈው ለማለት ከዚህ የተሻለ ሰነድ የለም። የፈረመበት ቀን ከመልዕክቱ መቅደሙን አረጋግጪ። ለድርጅቱም ለማንም ኮፒ ብቻ ስጪ፣ ዋናው ከእጅሽ አይውጣ።