ያላወጅነው አቻነት ከሪዝነር ሲወጣ

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለሆስፒታል መረጃ ሥርዓት የሚሆን ኦንቶሎጂ (የጽንሰ ሐሳቦችና የግንኙነታቸው መደበኛ መግለጫ) ፕሮቴዤ በተባለው ፕሮግራም እያዘጋጀን ነው። ሄርሚት የተባለውን ሪዝነር (ከተጻፈው ተነስቶ ድምዳሜ የሚያወጣ ፕሮግራም) ስናስነሳው «ታካሚ» እና «የተመረመረ ሰው» የተባሉትን ክላሶች (ምድቦች) አቻ፣ ማለትም አባሎቻቸው አንድ የሆኑ፣ አደረጋቸው፤ በዚህም ምክንያት በ«የተመረመረ ሰው» ሥር ያስገባነው «ደም ለጋሽ» ታካሚ ሆኖ ተመደበ። አቻ ናቸው የሚል አክሲየም (እውነት ነው ተብሎ የሚጻፍ መግለጫ) የትም አልጻፍንም፤ የስህተት መልእክትም አልመጣም። ክላሶቹ በሺህ ሲቆጠሩ እንዲህ ያለውን እንዴት እንለየዋለን?

መልስ 1፦
መልእክት ያልመጣው በሎጂክ በኩል ምንም የሚጋጭ ነገር ስለሌለ ነው፤ የተዛባው እናንተ ልትሉት የፈለጋችሁት ሐሳብ ነው። ከአቻነቱ ጎን ያለውን የጥያቄ ምልክት ቢጫኑ ወደዚያ ያደረሱትን አክሲየሞች ያሳይዎታል። እንደምገምተው «ምርመራ ተደርጎለታል» የሚለው ፕሮፐርቲ (ግንኙነት) ዶሜኑ፣ ማለትም ግንኙነቱ ያለው ሁሉ የሚመደብበት ክላስ፣ «ታካሚ» ነው፤ ታካሚ ሁሉ ሰው እንደሆነና ቢያንስ አንድ ምርመራ እንደተደረገለትም ጽፋችኋል። «የተመረመረ ሰው» ደግሞ ምርመራ የተደረገለት ሰው ተብሎ ከተበየነ፣ በዶሜኑ የተነሳ የተመረመረ ሁሉ ታካሚ ይሆናል፣ በሌሎቹ የተነሳ ታካሚ ሁሉ የተመረመረ ይሆናል፤ ሁለቱ አቅጣጫዎች ሲገናኙ አቻነት ነው። ኦንቶሎጂ በሚጻፍበት በአውል (OWL) ቋንቋ ዶሜን እንደ ዳታቤዝ ገደብ የማይገባውን አይከለክልም፤ የገባውን ሁሉ ታካሚ ነው ብሎ ይደመድማል።

ጠያቂ፦
ልክ እንዳሉት ነው። ዶሜኑን ወደ «ሰው» ስናሰፋው ደም ለጋሹ ከታካሚ ሥር ወጣ፤ እናመሰግናለን።

መልስ 2፦
ለብዛቱ ሮቦት የተባለውን የትእዛዝ መስመር መሣሪያ እመክራለሁ። ሪዝነር በሚያስነሳው ትእዛዙ ላይ በግልጽ የተጻፈ አቻነት ብቻ እንዲፈቀድ ማዘዝ ይቻላል፤ ያልተጻፈ አቻነት ከተገኘ ሥራው ይቆማል፣ ስለዚህ ለውጥ በገባ ቁጥር እንዲሠራ ማድረግ ተገቢ ነው። አስቀድሞ ግን ምንም አባል ሊኖራቸው የማይችሉ ክላሶችን ማጽዳት ያስፈልጋል፤ ሁሉም ከባዶው ክላስ ጋር እኩል ስለሚሆኑ እርስ በርሳቸውም አቻ ሆነው ዝርዝሩን ያጥለቀልቁታል። ኤልክ የተባለው ሌላ ሪዝነር ፈጣን ስለሆነ ለዕለት ተዕለት ይበቃል፤ ሆኖም አንዳንድ የአውል አገላለጾችን ስለማያስተናግድ ከእነርሱ የሚመነጭ አቻነት ያመልጠዋል፤ ከመልቀቃችሁ በፊት በሄርሚት ማረጋገጥ ይገባል።

መልስ 3፦
አንዳንዶች እንዲህ ያለውን ለማጋለጥ «ደም ለጋሽ» እና «ታካሚ» የጋራ አባል የላቸውም ብለው ያውጃሉ። አቻነቱ በዚያ መንገድ ቶሎ እንደሚጋለጥ እሙን ነው፤ «ደም ለጋሽ» ባዶ ክላስ ሆኖ በቀይ ይታያል። ነገር ግን ዛሬ ደም የለገሰ ሰው ነገ ሊታከም ይችላልና እውነት ያልሆነ አክሲየም ለፍተሻ ሲባል ባይጻፍ እመርጣለሁ።