ለወንድሟ አስጠኚ ተቀጠረ፣ ለእሷስ?

የአዘዞዋ እናት፦
ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ። ወንዱ ልጄ 8ኛ ክፍል ነው፣ በግል ትምህርት ቤት። ታናሽ እህቱ 6ኛ፣ በመንግሥት። ሁለቱም ዘንድሮ ሚኒስትሪ ይፈተናሉ። አባታቸው ለእሱ አስጠኚ ቀጠረ። የእሷን ሳነሳ «እሷ ጎበዝ ናት፣ ራሷ ታጠናለች» አለኝ። ጎበዝነቷ እውነት ነው። ግን ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን የምትሞላው እሷ፣ ወጥ የምትጥደው እሷ። ደብተር የምትይዘው እንቅልፍ ሲጥላት ነው። አንጀቴን ይበላኛል። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፣ ጠብም አልፈልግም። ከምን ልጀምር?

መምህር ከማራኪ፦
እህቴ፣ ይሄ ያንቺ ቤት ብቻ አይደለም። ዩኒፎርምና ደብተር ላይ ወላጅ ብዙም አይለይም። የሚለየው የግል ትምህርት ቤትና አስጠኚ ሲመጣ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ባሰ። በመጀመሪያው ዓመት 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶው ተፈታኝ ብቻ ነበር። ወላጅ ደነገጠ፣ ወደ አስጠኚ ሮጠ። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ሲበቃ ቀድሞ የሚታሰበው ወንዱ ነው። የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዋ ጊታ ኪንግደን የህንድን ገጠር አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመችው ጽሑፍ ትዝ ይለኛል። በሴት ልጅ ላይ ያለው አድልዎ በዋናነት የታየው ትምህርት ቤት ትግባ አትግባ በሚለው ውሳኔ ላይ ነው፤ ከገባች በኋላ በወጪው ያን ያህል አይደለም። እኛ ጋ ልጅቷ ገብታለች፤ ውሳኔው ወደ አስጠኚው ዞረ። ለባለቤትሽ ንገሪው፦ ጎበዝ ከሆነች እኮ ገንዘቡ እሷም ላይ ፍሬ ያፈራል።

ነጋዴ ከፒያሳ፦
ወረቀት ያዢ። በወር ለእሱ የሚወጣውን በአንድ በኩል፣ ለእሷ የሚወጣውን በሌላ በኩል ጻፊ። እኔ ለልጆቼ ሳደርገው ባለቤቴም እኔም ዝም አልን። የበርበሬሽ ገንዘብም የእሱ ገቢም በሕግ የጋራችሁ ነው። ግን በሕግ አትጀምሪ፣ በወረቀቱ ጀምሪ።

ተመራቂዋ፦
እትዬ፣ እኔን ያስተማረኝ የእናቴ እቁብ ነው። ከገንዘቡ በላይ የጠቀመኝ ግን ወንድሜ ውሃ እንዲቀዳ ማድረጓ ነው። ጀሪካኑ እሷ ላይ ከቀረ አስጠኚ ቢቀጠርላትም ሰዓት የላትም። ይሄ ሳንቲም አያስወጣም፣ ዛሬ ማታ ይጀምሩት።

የአዘዞዋ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሃውን ከነገ ጀምሮ በተራ ይቀዳሉ፣ እሱ በእኔ እጅ ነው። ወረቀቱን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አሳየዋለሁ። መምህር፣ አንዱ አስጠኚ ሁለቱን ቢይዝ ዋጋ ይቀንሳል?

መምህር ከማራኪ፦
ብዙዎቹ ይቀንሳሉ፣ ተከራከሪ። ግን ለየብቻ ሰዓት ይስጣቸው። የ8ኛው ሒሳብ ለ6ኛዋ አይሆንም።