በናኖቲዩብ ኤሌክትሮድ የሠራሁት ትራንዚስተር አልጠፋ አለኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቲፕስ ፔንታሲን (የሚሟሟ ኦርጋኒክ ሴሚኮንዳክተር) ቶሉይን ውስጥ አሟሙቼ፣ ጠብ አድርጌ እያደረቅኩ ትራንዚስተር እሠራለሁ። ሶርስና ድሬኑ (ከረንቱ የሚገባበትና የሚወጣበት ኤሌክትሮድ) ወርቅ በነበሩ ጊዜ የከረንትና የቮልቴጅ ከርቩ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ላይ የኤስ ቅርጽ ይይዝብኝ ነበር። ወርቁን ትቼ ካርቦን ናኖቲዩብ (እጅግ ቀጭን የካርቦን ቱቦ) ቀዳዳ ባለው ሽፋን (ማስክ) ስረጭ ያ ጣጣ ጠፋ፣ ከረንቱም ጨመረ። ደስታዬን ሳልጨርስ ሌላ መጣ፦ ከ10 ዲቫይስ 4ቱ ጌቱን (ከረንቱን የሚከፍትና የሚዘጋውን ኤሌክትሮድ) ምንም ባደርገው አይጠፉም። ደግሞስ ወርቅ የተሻለ እያስተላለፈ ናኖቲዩብ እንዴት በለጠው?

መልስ፦
ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ ነው የሚጥመኝ። ጉዳዩ ኤሌክትሮዱ ምን ያህል ያስተላልፋል አይደለም፣ መገናኛው ነው። ወርቁ ጫፍ ላይ ክሪስታሎቹ ብዙ ጊዜ ጥቃቅን ሆነው ይዝረከረካሉ፣ የወርቁ ውፍረትም ራሱ እንደ ደረጃ ነው፣ ቻርጁ እዚያ ይንገዳገዳል። የናኖቲዩብ ገጽ ግን እንደ ፔንታሲኑ የካርቦን ቀለበት ስለሆነ ይሳሳባሉ፤ ክሪስታሉ ከኤሌክትሮዱ ተነስቶ ሳይቆራረጥ ወደ ቻናሉ (በሶርስና በድሬን መካከል ወዳለው ክፍተት) ሊያድግ ይችላል። ቱቦው ጫፉ ላይ ቀጭን ነውና ፊልዱም እዚያ ይጠነክራል። ወርክ ፈንክሽን (ኤሌክትሮን ከገጹ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ጉልበት) ብቻ ካየህ ግራ ትጋባለህ፣ ንጹህ ወርቅ 5.1 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፣ ናኖቲዩብ እንዲያውም ትንሽ ዝቅ ይላል፣ በዚህማ ወርቅ በበለጠ ነበር።

ሌላ መልስ፦
አልጠፋ ማለቱ እኔንም ሦስት ሳምንት አሰቃይቶኛል። ማስኩ ሳምፕሉ ላይ በደንብ ካልተኛ ጭጋጉ ከሥሩ ሾልኮ ይገባና ቻናሉ ላይ ቱቦ ይቀራል። ሳይለይ የሚመጣ ባለአንድ ግድግዳ ናኖቲዩብ አንድ ሦስተኛው ያህል ሜታሊክ (እንደ ብረት የሚያስተላልፍ) ነው፣ ሜታሊክ ደግሞ የጌት ወሬ አይሰማም። ከሶርስ እስከ ድሬን ተያይዘው መንገድ ከሠሩ አለቀ። ሴሚኮንዳክተሩን ከማድረግህ በፊት ባዶውን ለካው። የጌት ከረንቱንም እይ፣ ኢንሱሌተሩ ቀጭን ከሆነ ቱቦ ሊበሳው ይችላል።

ጠያቂው፦
ለካሁ! ባለ 10 ማይክሮሜትር ቻናሎቹ ባዷቸውን ያስተላልፋሉ። ባለ 50ዎቹ ጸጥ ብለዋል። ጌቱ ደህና ነው።

መልስ፦
እንግዲያው ኤሌክትሮዶቹን በፎቶሬዚስት (በብርሃን የሚቀረጽ መከላከያ ሽፋን) ሸፍነህ ቻናሉ ላይ የቀረውን በኦክስጅን ፕላዝማ አቃጥለው፣ ከዚያ ሬዚስቱን አጥበህ አንሳ። ሰርፋክታንት (ቱቦዎቹን ፈሳሽ ውስጥ የሚበትን ሳሙና መሰል ነገር) ተጠቅመህ ከሆነ እሱንም በውሃ ደህና አድርገህ አስለቅቅ፣ ከቀረ ራሱ ኢንሱሌተር ነው። አንድ ነገር ግን፦ ከወርቅ ይበልጣል ብለህ ከመጻፍህ በፊት በፔንታፍሉሮቤንዚንቲዮል (ወርቁን ሸፍኖ መገናኛውን የሚያሻሽል ሞለኪውል) የታከመ ወርቅ አጠገቡ አስቀምጥ። ባዶ ወርቅን መርታት ብዙም አያስፎክርም።