ለነፍስ ገዳይ ደመወዝ?

ታዛቢ፦ የኤሚ ቢልን ታሪክ ሰው ሁሉ እያደነቀ ሲያጋራው ሰነበተ። እኔን ግን አናደደኝ። ልጅቷ ከአሜሪካ ደቡብ አፍሪካ መጥታ የአፓርታይድን፣ የዘር መድልዎ አገዛዙን፣ ማብቃት የደገፈች ናት። በ1993 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን፣ ጉጉሌቱ ውስጥ በድንጋይና በጩቤ ገደሏት። አራት ወጣቶች 18 ዓመት ተፈረደባቸው። በ1998 ምሕረት ተሰጣቸው፤ ወላጆቿም አልተቃወሙም። ጭራሽ ሁለቱን በስሟ ባቋቋሙት ድርጅት ቀጠሯቸው። ለነፍስ ገዳይ ደመወዝ! ይሄ ነው ፍትሕ?

የማታ ወፍ፦ ከዚህ ሁሉ የታየህ ደመወዙ ብቻ ነው? ከእስር የወጣን ሰው ማንም አይቀጥረውም። ያ ሰው ወዴት ይመለስ?

ታዛቢ፦ በዚያ ሰፈር ማንንም ያልገደለ ሥራ አጥ አልነበረም? ለእሱ ማን ደመወዝ ከፈለው?

ሕግ አጥኚ፦ አንድ ነገር አስተካክሉ። ምሕረቱን የሰጠው በአፓርታይድ ዘመን የተፈጸሙ በደሎችን የመረመረው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን እንጂ ወላጆቿ አይደሉም። መስፈርቱ ድርጊቱ ፖለቲካዊ መሆኑና እውነቱን ሙሉ በሙሉ መናገር ነበር። ጸጸት አይጠየቅም።

እናት ዓለም፦ ጸጸት ካልተጠየቀ ምኑን አይታችሁ ነው ተለወጡ የምትሉን? በፖሊስ እጅ የሞተው የጸረ አፓርታይድ ታጋይ የስቲቭ ቢኮ ቤተሰብ ይህን የምሕረት ሕግ ተቃውሞ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። በ1996 ተረታ። ይቅር ስላላሉ ክፉ ናቸው?

ሕግ አጥኚ፦ ማን ክፉ አላቸው? በቢኮ ሞት ምሕረት የጠየቁት ፖሊሶች እኮ በ1999 ተከልክለዋል።

እናት ዓለም፦ ተከልክለውስ ማን ታሰረ? በ2003 ማስረጃ አነሰ ተብሎ ክሱም ቀረ። ቤተሰቡ ፍርዱንም ሳያገኝ ቀረ እኮ!

የማታ ወፍ፦ ከርዕሱ አትውጡ። እኔ የማወራው ስለ ሁለቱ ልጆች ነው። አባትየው እጃቸውን ጨብጧል። ከዚያ በኋላ በገደሏት ልጅ ስም እየተጠሩ፣ የእናቷን ዓይን እያዩ ሠርተዋል። እኔ ብሆን እስር ቤቱን እመርጥ ነበር።

ታዛቢ፦ እስረኛ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ አይቀበልም።

የማታ ወፍ፦ ደመወዝ፣ ደመወዝ! ልጃቸውን ያጡት እነሱ ናቸው። እነሱ ያልቆጠሩትን አንተ ምን አስቆጠረህ?

ታዛቢ፦ ግድያ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነዋ! ደግሞም ምሕረቱ የተሰጠው ለአራቱም ነው። ለምንድን ነው ሁለቱን ብቻ የምትቆጥሪው?

የማታ ወፍ፦ ሁለት ሰው መመለሱ አነሰህ?

ታዛቢ፦ አዎ፣ ያንሰኛል።