የሃሱዪ «ዞጆጂ በሺባ»፦ የእንጨት ህትመት ነው ወይስ በማሽን የወጣ ቅጂ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። በበረዶ ውስጥ ጃንጥላ የያዘች ሴት፣ ከኋላዋ ቶኪዮ ሺባ ያለው የዞጆጂ ቤተ መቅደስ ቀዩ በር፤ የጃፓናዊው ሠዓሊ የካዋሴ ሃሱዪ ሥራ ነው። ሻጩ «የ1925 እ.ኤ.አ. ኦሪጅናል ነው» ይላል። ክፈፍ ውስጥ ነው ያለው። በምን ይለያል? ግድግዳ ላይስ ይሰቀላል?

መልስ 1፦
መጀመሪያ ከክፈፉ ይውጣ። ሻጩ እንቢ ካለ ይቅር።

ከዚያ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይያዙና ቀዩን በር ይመልከቱ። ጥቃቅን ባለቀለም ነጠብጣቦች ተሰልፈው ከታዩ የማሽን ህትመት ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። ከእንጨት ገበታ (ሥዕሉ ተቀርጾበት ቀለም ከሚቀባው ጣውላ) የወጣ ቀለም ግን ወጥ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ገልብጠው ከጀርባው ይዩት፤ ቀለሙ ዘልቆ መታየት አለበት፣ ባረን የሚባለው ክብ መፈተጊያ የተወው የመታሸት ምልክትም ብዙ ጊዜ ይገኛል። የሚወርደው በረዶ በነጭ ቀለም የተቀባ አይደለም፤ ቀራጩ ቦታውን ከገበታው ላይ ፈልፍሎ ስላወጣው ባዶ የቀረ ወረቀት ነው።

የቀለማት መስመር በጥቂቱ ቢዛነፍ አይደንግጡ። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ገበታ አለው፤ ወረቀቱ ኬንቶ በሚባለው የገበታው ጥግ ላይ ባለ ምልክት ልክ ይቀመጣል። እርጥብ የነበረው ወረቀት በሥራው መሃል ከደረቀ ይኮማተራል፣ ቀጣዩ ቀለምም ከቦታው ይስታል።

መልስ 2፦
ከላይ ያለው ትክክል ነው፤ ዘመኑን ግን አይነግርዎትም። አሳታሚው ዋታናቤ ሾዛቡሮ ነበር። ቶኪዮ ባለችበት በካንቶ አካባቢ በ1923 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የቀድሞ ገበታዎቹ ተቃጥለዋል፤ ይህ ሥራ የተቀረጸው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ደጋግሞ ታትሟል። ስለዚህ የእንጨት ህትመት መሆኑ ብቻ የ1925 አያደርገውም። የአሳታሚውን ማኅተም ይፈልጉ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወጡት ላይ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ክብ ማኅተም ይገኛል፤ በጃፓን የሄይሴ ዘመን (ከ1989 እስከ 2019) የወጡት ደግሞ የዚያ ዘመን ማኅተም አላቸው። ወረቀቱ በግምት 39 በ26 ሴንቲ ሜትር ነው። ጠርዙ ተቆርጦ ማኅተሙ ከጠፋ የ1925 ኦሪጅናል ዋጋ አይክፈሉ። ዘግይቶ የታተመ ማለት ሐሰተኛ ማለት አይደለም፤ ዋጋው ብቻ ይለያል።

በነገራችን ላይ በሩ የሥዕል ፈጠራ አይደለም። ሳንገዳትሱሞን ይባላል፣ በ1622 ተሠርቶ ዛሬም ቶኪዮ ውስጥ ቆሟል። ሥዕሉ የቤተ መቅደሱ ፓጎዳ (ባለ ብዙ ጣሪያ ግንብ) ፊት ለፊት የሚታይበት፣ የአካባኔ ድልድይም ያለበት ከሆነ ደግሞ የሌላው ጃፓናዊ ሠዓሊ የሂሮሺጌ የ1857 ሥራ ነው፤ አይምታታብዎ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። አሁን ክፈፉ ውስጥ የሥዕሉ ጀርባ ላይ ቡናማ ስኮች ተለጥፎበታል። ልላጠው?

መልስ 1፦
በፍጹም! ሥዕሉ የታተመበት ዋሺ ረጅም ቃጫ ያለው የጃፓን ወረቀት ነው፣ ከስኮቹ ጋር አብሮ ይላጣል። ለወረቀት ጥገና ባለሙያ ይስጡት። መልሰው ሲያስከፍፉ አሲድ የሌለው ካርቶን ይሁን፤ መያዣው ከዋሺ የተቆረጠ ቁራጭ፣ ሙጫው የስንዴ ስታርች፣ ከላይ ጠርዝ በሁለት ቦታ ብቻ። ዙሪያውን ከተለጠፈ እርጥበት ሲለዋወጥ ይጨማደዳል። ሥዕሉ መስታወቱን አይንካ። ብርሃኑ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አይብለጥ፤ ፀሐይ የሚገባበት ግድግዳ ላይ ከሆነ የአልትራቫዮሌት መከላከያ ያለው መስታወትም ቢሆን መድብዘዙን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም።